ስምንተኛው ቀን

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ፤ ደመወዝ የሚበላውም ለመጠርጠር ነው። ሴትዮዋ ዓይኑ ውስጥ ከገባች ሰነባብታለች። ሰፊ የወንድ ኮት ለብሳ ትመጣና ከምጽዋት ሣጥኑ አጠገብ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ጉልበቷ ላይ ያለውን ፌስታል ለአፍታ አትለቀውም። የምትጸልየው ኖቬና ነው፤ ባሕር አቋርጦ ወንጌል ላዳረሰው ሚስዮናዊ ቅዱስ ዘጠኝ ቀን የሚደገመው ጸሎት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኗ ግን ከቅዱሱ ሐውልት ይልቅ በሩን ነው የሚያየው። ደግሞ ሁልጊዜ ስምንተኛውን ቀን ጸልያ ትጠፋለች፤ ሰንበትበት ብላ እንደ አዲስ ትጀምራለች።

«የጸሎት ሰው የጀመረውን ይጨርሳል» አለ ዘበኛው በልቡ። «ይቺማ አንድ ነገር እያጠናች ነው።»

ዛሬ ስምንተኛዋ ነው። ስትወጣ በር ላይ ጠበቃት።

«እማማ፣ እስቲ ፌስታሉን ልየው።»

ሳታንገራግር ከፈተችለት። እግር ያልገባበት የወንድ ጫማ ነው። ቅርጹ እንዳይበላሽ የተጠቀጠቀበት ጋዜጣ ወይቦ ቢጫ ሆኗል።

«የልጄ ነው» አለች። «በባሕር ነው የሄደው። ድንገት ብቅ ካለ ባዶ እግሩን እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ዘበኛው የሚገባበት ጠፋው። «ታዲያ ነገ እኮ ዘጠነኛው ነው፤ ምነው አይጨርሱትም?»

ፌስታሉን መልሳ ቋጠረችና ቀና ብላ አየችው፤ አሁን በተራዋ እሷ የጠረጠረችው ትመስላለች።

«ጨርሼው ልጄ ባይመጣስ? ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልጠብቀው?»