በቨርና ዱባ ላይ የፈሰሰው ሽሮፕ

ቨርና ግሪንድል ገና ልጅ ሳለች አባቷን ባሕር ወሰደው። በኅዳር ነፋስ ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚይዝባቸውን ወጥመዶች ሊያነሣ ወጣ፤ ጀልባዋ ተሰባብራ ከአለቱ ሥር ተገኘች፤ እሱ ግን አልተገኘም። ቤታቸው እዚህ በአሜሪካ፣ በሜይን ጠረፍ፣ ወደ ባሕሩ ዘልቆ በገባው መሬት ጫፍ ላይ ነበር። በረዶው መንገዱን ሲዘጋው እናቷ ከልጆቿ ጋር እዚያው ተቆልፋ ቀረች። ቤት ውስጥ የነበረው ምግብ በበርሜል የተቀመጠ ፖም፣ ከረግረጉ የለቀሙት ክራንቤሪ የሚባለው ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ፣ ከዚያ ዱባ ነው። ዱባው ያ ቆዳው እንደ ድንጋይ የጠነከረው፣ መልኩ አመድማ ሰማያዊ የሆነው፣ አንዱ ብቻ ሕፃን ልጅ የሚያህለው ነው። ምድር ቤቱ ውርጭ ስለሚገባው የሚቀመጠው አልጋ ሥር ነበር። ልጆቹ የበረዶውን ወራት ሁሉ ምግባቸው ላይ ተኝተው አሳለፉ።

መጥረቢያው ከአባትየው ጋር ጀልባው ላይ ሄዷል። ስለዚህ እናትየው ዱባውን አቅፋ የጓሮውን ደረጃ ትወጣና ከታች ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ትለቀዋለች። ሲፈነዳ ልጆቹ ስብርባሪውን ከበረዶው ላይ ይለቅማሉ። እሷ ከፖምና ከክራንቤሪ ጋር ደርባ ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች። ስኳር የሚባል ነገር ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ቨርና ስትነግረኝ፣ "መጀመሪያ ላይ ፊታችንን አኮሳትረን ነበር የምንውጠው፤ ቆየት ሲል ግን የዱባው የራሱ ጣዕም መጣልን" ብላኛለች።

አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቅርጫት ይዘው በበረዶው ውስጥ እየዳከሩ መጡ። መምጣታቸው ደግ ነው፤ እሱን አልነቅፍም። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳህን አየችና፣ "ውይ ምስኪኖች! ባዶውን ነው እንዴ የምትበሉት?" አለች። ወዲያው ከቅርጫቷ ስኳር አወጣችና ባለቤቲቱን ሳትጠይቅ ዱባው ላይ ነሰነሰችበት። እናትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። ልጆቹ ተሻሙበት፤ እሷ ግን ያን ቀን ከዚያ ሳህን አልቀመሰችም። ሴቶቹ ይህንን እንኳ አላዩም። በሰው ቤት፣ በሰው ምግብ ላይ ያሻቸውን አድርገው፣ ጽድቅ ሠራን ብለው ሄዱ።

ቨርና ከዚያ ወዲህ አደገች፣ በሰርዲን ፋብሪካ ዓሣ ስትቆርጥ ኖረች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች። ዱባውን ግን አልተወችውም። በየዓመቱ ታበቅለዋለች፤ መጥረቢያ እያላት እንደ እናቷ ከደረጃው ላይ ትለቀዋለች። የሰባበረችውን ትልጣለች፣ ፖሙን ከነቆዳው ትከትፋለች፣ ክራንቤሪውን መሐል ለመሐል ትበትናለች፣ ትንሽ ቅቤና ቀረፋ ታደርግበትና ጠርዙ እስኪጠቁር ትጋግረዋለች። ሌላ የለውም። በጥቅምት፣ በገበሬዎች አዳራሽ የመኸር እራት ሲደረግ፣ የቨርና ዱባ ያልቀረበበት ዓመት እኔ አላስታውስም።

ይህን ዱባ ከሁሉ ይልቅ የሚጠብቀው ኦሪን ነው። ኦሪን እንደ እኔ ዕድሜውን በሎብስተር ጀልባ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ስኳር በሽታ ከያዘው ብዙ ዘመኑ ነው፤ ከእግሩም ጣት ወስዶበታል። በዚያ እራት ላይ ማዕዱ ሁሉ ኬክ ነው፣ ማር ነው፣ የተጣፈጠ ነው። እሱ ሳይጠራጠር ማንኪያውን የሚሰድበት አንድ ሳህን ብቻ ነበር። የኢንሱሊን መርፌውን እንኳ የሚመጥነው በእሷ ዱባ ልክ ነው። ሲያገኛት ሁልጊዜ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ዘንድሮስ ዱባውን ገደልሽው ወይስ እሱ ገደለሽ?" ይላታል። "ደረጃዬ ተሰነጠቀ እንጂ ዱባውስ ደህና ነው" ትለዋለች።

የአዳራሹ ወግ እንዲህ ነው። ምግብ ያመጣ ሰው ስሙን ከሳህኑ ሥር ለጥፎ በወጥ ቤቱ መስኮት ያቀብላል። ከዚያ በኋላ ሳህኑ የወጥ ቤቱ ነው፤ ሽርጥ የታጠቁት የወጥ ቤቱ ሴቶች ያሞቁታል፣ እነሱው ያወጡታል። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው የለም። ደግሞ ባለሙያዋ ከራሷ ሳህን አትቀምስም፤ ነውር ነው። "የሚበላላት አጥታ ራሷ በላችው" ይባላል። ስለዚህ የገዛ ምግብሽ ምን ጣዕም ይዞ እንደ ወጣ የምታውቂበት መንገድ የለም። ሳህንሽ ባዶውን ከተመለሰ ደስ ብሎሽ ትሄጃለሽ።

ካቻምና የወጥ ቤቱ ኃላፊነት ወደ ግሌኒስ ተላለፈ። ግሌኒስ ታታሪ ሴት ናት፣ ንጹሕ ናት፣ አይካድም። የዚያን ዓመት ኦሪን ዱባውን ደግሞ ደጋግሞ በላ። በማግስቱ አፉ ደረቀ፣ ዓይኑ ደበዘዘ፣ ያስመልሰው ጀመር፤ ሲዘባርቅ ሚስቱ ሜቪስ ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙ ስኳሩ ከልክ በላይ መውጣቱን ነገራት፤ ምን በላ ብሎም ጠየቃት። ሜቪስ ያን ማታ አጠገቡ ስለነበረች ከዱባው በቀር ጣፋጭ ነገር እንዳልነካ ታውቃለች።

በቀጥታ ቨርና ቤት ሄደች። በሩ ላይ ቆማ፣ "ምን ጨመርሽበት?" አለቻት።

"ምንም።"

"ቨርና፣ እኔን አትዋሺኝ! አምኖሽ ነው የበላው።"

"በእናቴ አጥንት፣ ምንም አልጨመርኩም።"

"እንግዲያው አርጅተሻል ማለት ነው። እጅሽ የሚያደርገውን ረስተሻል" አለቻትና ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜቪስ አላናገረቻትም። ወሬው መንደሩን ዞረ። ሰዎች ቨርናን ሲያገኟት እንደ ሕፃን ቀስ ብለው ያነጋግሯት ጀመር። አንዳንዱ የመድኃኒት ሰዓቷን ያስታውሳታል። እኔን ያናደደኝ ይህ ነው። ሴትዮዋ የልጆቿን፣ የልጅ ልጆቿን፣ የእኔንም የልደት ቀን በቃሏ የምታውቅ ሰው ናት! ከሁሉ የከፋው ግን እሷ ራሷ መጠራጠር መጀመሯ ነው። አንድ ቀን ጓሮዋ ውስጥ ቆማ፣ "እውነት ረስቼ ይሆን እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ኦሪንን በኋላ ሳገኘው፣ "ከወትሮው ይልቅ አልጣፈጠህም እንዴ?" አልኩት።

"ጣፍጦኝ ነበር" አለኝ። "የዘንድሮ ፖም ጥሩ ነው ብዬ ነዋ። የቨርና ሳህን ነው፤ ምን ብዬ ልጠርጥር?"

ዓመቱ ዞሮ እራቱ ደረሰ። ቨርና ሁለት መጋገሪያ ሙሉ ዱባ አምጥታ በመስኮቱ አቀበለች። ኦሪን ከሜቪስ ጋር እፊቴ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ሳህን ወጣ። ኦሪን በዓይኑ ተከተለው፤ ሜቪስ እጁን ያዘችው። ቨርና ይህንን አየች። ተነሣች፣ ወደ ማዕዱ ሄደች፣ በሰው ሁሉ ፊት ከገዛ ሳህኗ አንድ ማንኪያ አንሥታ ጎረሰች።

አንዷ ከኋላዬ፣ "ውይ፣ ጭራሽ የራሷን መብላት ጀመረች" ስትል ሰማሁ። ሌላዋ ሳቀች።

ቨርና አላኘከችም። አፏን በወረቀት ጠረገችና ቀጥ ብላ ማንም የማይገባበትን የወጥ ቤቱን በር ከፍታ ገባች። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉን አየሁ፣ ሁሉን ሰማሁ። ግሌኒስ ሁለተኛውን መጋገሪያ ከፊቷ አድርጋ የሜፕል ሽሮፕ የሚባለውን ከዛፍ የሚቀዳ ጣፋጭ ፈሳሽ ከነቆርቆሮው ልታዘነብልበት አንሥታ ነበር።

"አስቀምጪው" አለች ቨርና።

"ቨርናዬ! እዚህ ምን ልትሠሪ ገባሽ? ሂጂ ቁጭ በይ፣ እኛ እንጨርሰዋለን።"

"አስቀምጪው አልኩሽ። አምናም አድርገሽበታል?"

"አዎ፣ ምን አለበት? የሁሉንም ዱባ እኮ ሽሮፕ እናለብሳለን። ባዶውን ሲወጣ ያሳፍራል። ሰው 'ቨርና ስኳር መግዣ አጣች' እንዲልሽ ነው? ላንቺው ብዬ ነው፣ የኔ ውድ።"

"በመስኮቱ ሳቀብልሽ ስኳር የለበትም ብዬ ነግሬሻለሁ።"

"ነግረሽኛል እኮ! ለዚያ ነው የጨመርኩበት" አለች ግሌኒስ። አልቀለደችም። ከልቧ ነው። ቨርና ስኳር የለበትም ስትል ለግሌኒስ የተሰማት የጎደለ ነገር ነው፤ የጎደለውንም ሞላች።

ቨርና ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ጩኸት ነው። "ኦሪን ሆስፒታል ሲገባ ሰምተሻል! እኔን ሰው እንደ ጃጀ ሲያየኝ ሰምተሻል! አንድ ቀን እንኳ 'እኔ ነኝ' አላልሽም!"

"እንዴ፣ ሽሮፕ እኮ ከዛፍ ነው የሚወጣው" አለች ግሌኒስ፤ ፊቷ ግን ቀልቶ ነበር። "ስኳር መስሎ አልታየኝም። ደሞስ አንዲት ቆርቆሮ ይህን ያህል... እኔ ክፉ አስቤ ነው?"

"ክፉማ አላሰብሽም። ክፉ ብታስቢ ኖሮ እጠነቀቅሽ ነበር።"

ቨርና ያልተነካውን መጋገሪያ በጨርቅ ይዛ ወጣች። በጠረጴዛዎቹ መካከል አልፋ ኦሪን ፊት አስቀመጠችው። ሜቪስ መጋገሪያውን በእጇ ከለለችው። ቨርና ማንኪያ አንሥታ ለራሷ ለሜቪስ ሰጠቻት።

"ቅመሺ። ከዚያ የሚሰጠውን አንቺ ወስኚ።"

ሜቪስ ቀመሰች። ክራንቤሪው ጥርሷን ሲነካው ፊቷ ጭምድድ አለ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ኮምጥጦባት ይሁን ሌላ፣ እኔ አላውቅም። ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ተመለከተች፣ ከዚያ ወደ ቨርና። የባሏን ሳህን ወደ መጋገሪያው ገፋችው።

ኦሪን ዱባውን እያየ፣ "እንግዲህ ጠቡ ካለቀ ብበላ ምን ይላችኋል? መርፌዬን ከተወጋሁ ቆየሁ" አለ።

"ብላ፣ አንተ ሽማግሌ!" አለችው ሜቪስ።

እንግዲህ "ቨርና አዳራሹን በጠበጠች" የሚባለው ይህ ነው። ግሌኒስ አልቅሳለች፣ እውነት ነው፤ ብዙዎችም እሷን አጽናኑ። ቨርናን ይቅርታ የጠየቃት ግን ሜቪስ ብቻ ናት። ለአንዲት ቆርቆሮ ሽሮፕ አዝኖ ለሰው ስም የማያዝን መንደር ምን እንደሚባል እኔ አላውቅም።

በሳምንቱ ቨርና ቤት ሄጄ የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀመጥን። አዳራሹ ትመለሺያለሽ ወይ አልኳት።

"እመለሳለሁ እንጂ" አለችኝ። "መጋገሪያዬን ግን በመስኮት አላቀብልም፤ እኔው ይዤ እቆምና እኔው አወጣለሁ። ግሌኒስ ከፈለገች ትቀየም። እየው፣ ድኻ ነበርን፤ እሱ አላሳፈረኝም። እናቴ ያን ቀን ማንኪያዋን ለምን እንዳስቀመጠች ለብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ ስኳር የጠላች መስሎኝ ነበር። አሁን ገብቶኛል። ለእኔ በዚህ ዓለም ትልቁ ነገር ዱባው አይደለም። አንድ ሰው 'የቨርና ነው' ብሎ ሳይጠይቅ መጉረሱ ነው። ያንን ወስደውብኝ ነበር።"