እሳቱን የምታይልኝ

የጀልባ ሞተር እሳት መስጠት አለመስጠቱን ለማወቅ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ገመዱን ይስባል፣ ሌላው ካንዴላዋ ጫፍ ላይ ብልጭታ መኖሩን ያያል። እኔ ዘንገና ሐይቅ ላይ ጀልባ ስነዳ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ የምታይልኝ ባለቤቴ ነበረች። ፀሐዩ ብልጭታውን እንዳያጠፋባት እንደ ድሮ ፎቶ አንሺ ነጠላዋን ራሷንም ካንዴላዋንም ታለብስና ከውስጥ ሆና «አለ» ወይም «የለም» ትለኛለች።

«በደንብ እዪ እንጂ!» ስላት፣

«አየሁ እኮ። ሞተርህ እንዳንተው ነው፣ ጠዋት ጠዋት አይነሳም» ትል ነበር።

ካረፈች ይኸው ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ዘንድሮ ሞተሩም ዝም አለ። ጀልባውም ሞተሩም የማኅበር ነውና የማኅበሩ ልጆች መጥተው በትሕትና፣ «አባባ፣ እስከ እሑድ ካልተነሳ ለብረት ሰብሳቢ እንሰጠዋለን፤ እርስዎም ይረፉ» አሉኝ። ማረፍ የሚሉት ቤት መዋልን ነው። ቤት ውስጥ የማዋራው ሰው እንደሌለኝ እነሱ በምን ያውቃሉ?

ዓርብ ጠዋት ወረድሁ። ካንዴላዋን ፈትቼ ባያት በቤንዚን ርሳለች። እንግዲያው ነዳጁ ይደርሳል፣ የጠፋው እሳቱ ነው። ጠርጌ፣ አድርቄ፣ ጀሪካኑን ራቅ አድርጌ፣ ካንዴላዋን ሽቦዋ ላይ ሰክቼ የሞተሩ ብረት ላይ አስደገፍኋት። ጋቢዬን ተከናንቤ በአንድ እጄ ሳብሁ። ገመዱን ስስብ አንገቴ ይዞራል፤ አንገቴ ሲዞር ዓይኔ ያመልጠኛል። ደግሜ ሞከርሁ። በመጨረሻ አጉል ነገር መሆኑን እያወቅሁ የሽቦውን ጫፍ በጣቴ ይዤ ሳብሁ። አልነከሰኝም። ሽቦ ስላልነከሰኝ ሲከፋኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ቢሆንም የእኔ ጣት የደነደነ ነው፣ አላመንሁትም።

አንዲት የማላውቃት ሴት ላሟ ጠፍታባት የሐይቁን ዳር ዳር ስትፈልግ መጣች።

«እኅቴ፣ አንድ ነገር ታዪልኛለሽ?»

«ምኑን አባቴ?»

«እዚች ጫፍ ላይ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ይል እንደሆነ። ነጠላሽን ተከናነቢና እዪ፤ ብቻ እንዳትነኪ።»

«አይፈነዳም? ልጆች አሉኝ እኮ።»

«አይፈነዳም።»

ሳብሁ።

«የለም» አለች ከነጠላው ውስጥ።

ድምፃቸው አይመሳሰልም፤ የባለቤቴ ወፈር ያለ ነበር። ቢሆንም ገመዱን እንደያዝሁ ቀረሁ።

«ምነው፣ አመመዎት?» አለች ብቅ ብላ።

«እጄን ነው» አልኋት።

ከዚያ ከማጥፊያው የሚመጣውን ቀጭን ሽቦ ነቀልሁት። እሱ ብረት ከነካ ሞተሩ ሁልጊዜ ጥፋ እንደተባለ ነው የሚቆጥረው። እንደገና ሳብሁ።

«አለ! ኧረ አለ፣ አባቴ! እንደ መብረቅ!»

ሽቦው መታጠፊያው ላይ ተልጦ ብረቱን ይነካ ኖሯል። በናስትሮ ጠቅልዬ መለስሁት። ሴትዮዋ ወደ ላሟ ፍለጋ ሄደች፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ካንዴላዋን ቦታዋ አስገብቼ ሦስት ጊዜ ሳብሁ፤ በሦስተኛው ተነሳ።

እሑድ ልጆቹ ሲመጡ ውሃው መካከል ነበርሁ።

«አባባ፣ በቃ ብረት ሰብሳቢው ይቅርበት!» ብሎ አንዱ ከዳር ጮኸ። ሌሎቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡም።

እኔን ግን የጀልባዋ አፍንጫ ሽቅብ ተነስቶ መንገዱን ከለለኝ። ከፊት የሚቀመጥ ከሌለ እንዲያ ናት። ወደ ዳር ተመልሼ አንድ ከባድ ድንጋይ አነሳሁ፤ ባለቤቴ ከፊት ትቀመጥበት የነበረው ጣውላ ላይ አስቀመጥሁና ገመዱን ሳብሁ።