ማይና ያላለ እጅ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በዝግጅት ክፍላችን የምትሠራ ወጣት ዘጋቢ አንድ ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የአንጎል ሴሎች እንዴት መልእክት እንደሚለዋወጡ የሚያስረዳ የጤና ዓምድ ነው። «ሁለት የነርቭ ሴሎች አይነካኩም» ይላል ሁለተኛው አንቀጽ። «በመካከላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ፤ መልእክቱ የሚሻገረው ከጥቃቅን ከረጢቶች በሚፈስ ኬሚካል ነው።»

«ጋሼ፣ አንባቢ ይገባዋል?» አለችኝ።

እርሳሴን አስቀመጥኩ። ይህን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት አሰብ ነው፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከአብዮቱ ሁለት ዓመት በፊት።

ያን ጊዜ በወደቡ አንድ የመርከብ ወኪል ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። የአደጋ ሪፖርት በታይፕ መጻፍ የኔ ሥራ ነው። በበጋው ወራት ወረቀቱ ከላቤ የተነሳ ክንዴ ላይ ይለጠፍ ስለነበር ፎጣ አንጥፌ ነበር የምጽፈው።

ጋሽ ይመር ከወሎ የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የወደብ ሠራተኛ ናቸው። ሥራቸው ምልክት መስጠት ነበር። ዕቃ የሚያነሳውን ዊንች የሚያንቀሳቅሰው ሰው ካለበት ሆኖ የመርከቡን ሆድ አያይም፤ የሚያየው በጉድጓዱ አፍ ላይ የቆሙትን የጋሽ ይመርን እጅ ብቻ ነው። ክንድ ወደ ላይ ሆኖ ጣት ሲዞር «ቪራ» ነው፣ አንሳ። ክንድ ወደ ታች ሆኖ ጣት ሲዞር «ማይና» ነው፣ አውርድ። ቃላቱ ከጣሊያን የቀሩ ናቸው፤ አፋሩም፣ ትግርኛ ተናጋሪውም፣ ከደጋ የወረደውም እኩል ያውቃቸዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰሊጥ ሲጫን ጋሽ ይመር ጡጫቸውን አንስተው ጭነቱን አየር ላይ አስቆሙ። ታች ሁለት ሰዎች ጆንያ ይደረድሩ ነበር። ጋሽ ይመር እነሱ እስኪጨርሱ ሊጠብቁ እጃቸውን አወረዱ። ጭነቱም ተከትሎ ወረደ። ሰዎቹ ዘለው አመለጡ፤ ጆንያዎቹ ፈነዱ። ላብ ያጠመቀው ገላቸው ከላይ እስከ ታች ሰሊጥ ለበሰ።

«ጋሽ ይመር፣ ዳቦ አደረጉን እኮ! የቀረን ምድጃ ነው!» አለ አንደኛው፣ ትንፋሹ ሲመለስለት።

የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ግን አልሳቀም። «ጠጥቶ ነው» አለኝ። «ሲሄድ እግሩን ይጎትታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። አላየኸውም? ጻፍ!»

ጻፍኩ። «በመጠጥ ኃይል ተሸንፎ» የሚል ሐረግ አገኘሁና ደስ አለኝ። ሪፖርቱ በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲደርስ ጋሽ ይመር እንደሚባረሩ አውቅ ነበር።

እንዲፈርሙ ጠራኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡት።

«ልጄ፣ መጠጥ ሸተተህ?»

«አልሸተተኝም።»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

«ካቦው።»

«እሱስ መቼ አሸተተኝ? ወላሂ፣ ጠብታ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ይሁን፣ ካልክ እፈርማለሁ።»

ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ አውራ ጣታቸው ሌባ ጣታቸውን እያሸ ይዞራል። ብዕር ሲያነሱ መንቀጥቀጡ ቆመ። ፊደላቸው ግን እየደቀቀ ሄዶ መጨረሻው ላይ ጉንዳን አከለ። ከማኅደራቸው ከሁለት ዓመት በፊት የፈረሙትን አወጣሁ፤ ከዳር እስከ ዳር የተንሰራፋ ነበር። ወረቀቱን ይዤ የዊንቹን ሰው ተስፋይን ፈለግሁት።

«ምን አየህ?»

«እጁ ታች ሆኖ ጣቱ ዞረ። ማይና አለኝ፣ አወረድኩ። የጋሽ ይመርን እጅ ልጠራጠር እንዴ?»

ከሰዓት በኋላ፣ ከበረሃው በሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ውስጥ፣ ጋሽ ይመርን ይዤ ወደ ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሙ አስቀመጣቸው፣ አስነሳቸው፣ አራመዳቸው። ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ ያስረዳቸው ጀመር።

«በነርቭ ሴል ጫፍ ላይ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ትእዛዝ ሲመጣ ከረጢቱ ዳር ላይ ይከፈትና ውስጡ ያለው ቅመም ይፈሳል፤ ክፍተቱን ተሻግሮ ማዶ ያለውን ሴል ይነካል።»

«እንደ ዛሬው ሰሊጥ?» አሉ ጋሽ ይመር።

«አዎ፣ ግን በልክ። ቅመሙ ብዙ ዓይነት ነው። ዶፓሚን የሚባለው እንቅስቃሴን ያስተካክላል። እርስዎ ግን እሱን የሚያዘጋጁት ሴሎች እያለቁብዎት ነው። ለዚህ ነው ሥራ ሲፈታ እጅዎ የሚንቀጠቀጠው፣ ጣትዎም ሳያዙት የሚዞረው፣ እርምጃዎም የዘገየው።»

ጋሽ ይመር እጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «እንግዲያው ምልክት ሰጪዎቼ ናቸው የሞቱት» አሉ። ቀጥለውም፣ «መጠጥ አይደለም ብለህ ትጽፍልኛለህ፣ ሐኪም? ልጆቼ ይሰማሉ» አሉት።

ጻፈላቸው። በውጭ አገር አዲስ መድኃኒት መውጣቱን፣ በሽታውን ባያድንም እንደሚያቀል ነገራቸው፤ እንዲላክላቸውም ወደ አስመራ ደብዳቤ ጻፈ። መድኃኒቱ ይምጣ አይምጣ አላየሁም።

የኔን ሪፖርት ቀደድኩና እንደገና ጻፍኩ። ካቦው «አንተ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንክ?» ብሎ ጮኸብኝ። የሐኪሙን ወረቀት ሰጠሁት። ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ሪፖርትና የሐኪሙን ወረቀት አንብቦ ጋሽ ይመርን ከመርከብ ላይ አወረዳቸው፤ ከሥራ ግን አላስወጣቸውም። አዲስ ገቢዎችን እንዲያስተምሩ መደባቸው።

ይህን ለወጣቷ ዘጋቢ ነገርኳት። ሌላ ሰው የነገረኝን እኔ እንዳየሁት አድርጌ የጻፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «ይገባዋል» አልኳት ስለ አንባቢው፤ «ከረጢት የሚለውን ቃል ግን አትሰርዢው።»

«ሰውየውስ ምን ሆኑ?» አለችኝ።

የማውቀውን ብቻ ነገርኳት። ከአሰብ በወጣሁበት ጠዋት ጋሽ ይመር የወደቡ ግቢ ውስጥ ሦስት ወጣቶች ፊታቸው አቁመው ምልክት ያስተምሩ ነበር። ሦስቱም በአንድ እጃቸው ቪራ ይላሉ፤ ሥራ ያልያዘው እጃቸው፣ ጋሽ ይመር እንዳዘዟቸው፣ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።