ኖር የማይባልበት ጀልባ

የአባዬ ታላቅ እህት ታመመች የሚለው ወሬ የደረሰን ክረምቱ በበረታበት ሰሞን ነው። "ዓይኑን ሳላይ እንዳልሞት በሉት" ብላ በስልክ ላከችበት። አባዬ ስልኩን ዘጋና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት።

"እየሄድኩ ነዋ!"

እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ቁጣ ይቀድመኛል። "በዚህ ዝናብ? በዚህ ጉልበትህ? አገርህ መግቢያ ያለውን ድልድይ ጎርፍ እንደወሰደው እየሰማህ በምን ክንፍህ ልትሻገር ነው?" ብዬ ጮህኩበት። እሱ ግን ሁለተኛውን ጫማ ማሰሩን ቀጠለ። ያ ነው የበለጠ የሚያናድደኝ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ኮልፌ ገበያ ዳር ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው ይህችው እህቱ ናት። እዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን፣ እሷ ራሷ ገና ልጅ ሳለች፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ በእግሯ እየረገጠች አሻግራዋለች። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደነገረን እኔ ነኝ የማውቀው። ለመስቀል እሰጣታለሁ ብሎ ያሠራላት ጋቢ ቁምሳጥን ውስጥ ነበር። አውጥቶ በፌስታል ጠቀለለው። እኔም ቦርሳዬን ፈለግሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

እኛ ሰፈር ደግሞ ብቻህን ሄደህ በሽተኛ መጠየቅ የሚባል ነገር የለም። በማግስቱ ሚኒባስ ተከራይተን ከአየር ጤና ስንነሳ ታናሽ ወንድሜ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ግድግዳ የምንጋራት ሙስሊም ጎረቤታችንና ከቤተ ክርስቲያናችን ሁለት እህቶች አብረውን ነበሩ። ጎረቤታችን ለመንገድ ብላ የጠበሰችውን ሳምቡሳ ወልቂጤ ሳንደርስ ጨረስነው። ከዚያ ወዲያ በጭቃ መንገድ እየተንገጫገጭን ወንዙ ዳር ደረስን።

ጀልባ አለ ሲሉኝ እኔ እውነት ጀልባ መስሎኝ ነበር። ለካ አራት ባዶ በርሜል አስረው ከላዩ ጣውላ የመቱበት ነገር ነው። መደገፊያ እንኳን የለውም። ከዳር እስከ ዳር የሽቦ ገመድ ተወጥሯል፤ ባለጀልባው እሱን በእጁ እየሳበ ነው ሰው የሚያሻግረው። "ወይ ጉድ! ይሄማ እኛ ሰፈር የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ነው" አልኩ። ማንም አልሳቀም። ወንዙ ከነግንዱ ከነቅጠሉ ይሮጥ ነበር፤ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል።

ባለጀልባው ረጅም ጎልማሳ ነው። "መሀል ተቀመጡ። ጣውላውን ያዙ። እኔ ተነሱ ሳልል ማንም እንዳይነሳ" አለን።

"አይ ወንድሜ!" አሉ ዳኛው። "እኛን የኮልፌ ታክሲ ያሠለጠነንን ጠጋ ጠጋ ማለት ልታስተምረን ነው?"

አንድ በአንድ ገብተን ተጠጋግተን ተቀመጥን። አባዬ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ሱሪውን ሲጠቀልል ወደኋላ ቀረ። ከዚያ ጋቢውን በብብቱ ሸጉጦ ቀኝ እግሩን ጣውላው ላይ አሳረፈ።

ያኔ ሁላችንም ተነሳን።

ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አላሰበውም። ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጦ ማየትን ማን አሳድጎን! "ኖር! ኖር!" እያልን ሁላችንም ወደ እሱ ዞረን ቆምን። ዳኛው ጭራሽ "እዚህ ይቀመጡ" ብለው ቦታቸውን ለመልቀቅ አንድ እርምጃ ወደ ዳር መጡ። በርሜሎቹ በእኛ በኩል ሰመጡ፣ ጣውላው እንደ ጣሪያ ዘመመ። አባዬ "በእግ..." ብሎ ሳይጨርስ ተንሸራቶ በዳሩና በበርሜሉ መሀል ገባ።

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ውሃው እግሩን ይዞ ወደ በርሜሉ ሥር እየሳበው ነበር፤ የሚታየኝ ጭንቅላቱና አንድ እጁ ብቻ ነው። ባለጀልባው በሆዱ ተኝቶ የአባዬን ኮት አንገቱ ላይ ጨመደደው፣ ወንድሜ ክንዱን ያዘ። ጎረቤታችን "ያ ረቢ! ያ ረቢ!" ትላለች፣ እኔ "ጌታ ሆይ!" እላለሁ። ጎትተው ዳር አወጡት። ጋቢው ከፌስታሉ ወጥቶ ነጭ ሆኖ ትንሽ ታየንና ግንዶቹን ተከትሎ ሄደ።

ባለጀልባው ወደ እኛ ዞረ። "ሰው የሚጠፋው መሀል ላይ አይምሰላችሁ። እዚሁ ነው፤ ሲሳፈርና ሲወርድ። አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ በርሜሉ ይከዳል። ለማን ነው የተነሳችሁት?" አለ። ዳኛው ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብለው መሬት መሬት ያያሉ።

"በቃ!" አልኩ እኔ። "ወደ ቤት! ለአንድ ሰው ስንል ሁለት አንቀብርም!"

አባዬ በእኔ ነጠላ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። "ልጄ፣ እሷ እኔን ያሻገረችኝ ውሃው ትንሽ ሆኖ መሰለሽ?" አለና በአገጩ ወደ ማዶ አሳየኝ።

ማዶ ሰዎች ቃሬዛ አስቀምጠው ቆመዋል። አባዬ ዳገቱን መውጣት እንዳያቅተው ብለው አክስቴን ወንዙ ዳር ድረስ ተሸክመው አምጥተዋታል። ሁሉን አይታለች። እጇን ታወዛውዛለች፤ ና ትበለው ተመለስ ትበለው አልገባኝም። እኔው ቀድሜ ወደ ባለጀልባው ዞርኩ።

ባለጀልባውን ለመንነው። በመጨረሻ "ለዛሬ ሦስት ሰው ብቻ፣ ሽማግሌው ቀድመው ይገባሉ" አለ። አባዬ መሀል ተቀመጠ፣ እኔና ወንድሜ ከግራና ከቀኝ ያዝነው። የሽቦው ገመድ ይጮሃል፣ ውሃው ከጣውላው ሥር እግራችንን ይነካናል። አንድ ትልቅ ግንድ ሲመጣ ባለጀልባው መሳቡን አቁሞ አሳለፈው። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። አባዬ ግን ከማዶ ዓይኑን አልነቀለም።

ወርደን ስንጠጋ አክስቴ በክንዷ ተመርኩዛ ለመነሳት ትታገላለች። ታላቅ ለታናሽ! አባዬ ደነገጠ።

"እትዬ! እንዳትነሺ! በሞቴ እንዳትነሺ!"

"ተወኝ" አለች። "ይሄ መሬት ነው። አይገለበጥም።"

ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ቆመች። አባዬ ጉልበቷ ላይ ተደፋ። እሷ ራሱን ዳሰሰችና "ረጥበሃል እኮ" ብላ የለበሰችውን አሮጌ ጋቢ አውልቃ አለበሰችው። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ምኑን እደብቃለሁ።

አክስቴ ወንዙ ሳይጎድል አረፈች። ለለቅሶ የሄድነው በዚያው ሚኒባስ ነው፣ ሰዎቹም እነዚያው ነን፤ በርሜሉም ያው። የአገሩ ሰው ወንዙ ዳር አባዬን ከቦ እግዚአብሔር ያጽናህ ሲለው እኛ ቀድመን ገብተን ተቀመጥን። እሱ የእህቱን ጋቢ ለብሶ መጨረሻ ላይ መጣ። ቀኝ እግሩን ጣውላው ላይ አሳረፈ።

ማንም አልተነሳም። እንዴት እንደሚከብድ ለሰው ማስረዳት አልችልም። ዳኛው ጣውላውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አቀርቅረዋል፣ ጎረቤታችን ሻሿን ዓይኗ ድረስ ስባዋለች። የእኔ ጉልበት ራሱን ችሎ ሊነሳ ሲል በእጄ ተጫንኩት።

አባዬ ቀስ ብሎ መሀል ገባና ተቀመጠ። ሁላችንንም ተራ በተራ አየን።

"በእግዜር" አለ።