የእትዬ ኬይኮ የቦሎቄ ጣፋጭ

እትዬ ኬይኮ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን "ታዴ፣ ቀይ ቦሎቄ ቀቅል" አሉኝ። አማርኛቸው ገና ስላልጠና ሴትንም ወንድንም የሚያዙት በአንድ አፍ፣ እንደ ወንድ ነበር። እኔ ደግሞ እዚሁ ዲላ አንድ ሆቴል ውስጥ አራት ዓመት ረዳት ወጥ ሠሪ ሆኜ ስለቆየሁ፣ ይህማ ምን አላት ብዬ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። እሳቸው ሽንኩርቱን ቀስ አድርገው ወደ ጎን ገፉና አንድ ኪሎ ስኳር ፊቴ አስቀመጡ። ቦሎቄ በስኳር! ሴትየዋ ጤና የላቸውም እንዴ ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

እትዬ ኬይኮ ጃፓናዊት ናቸው። ባለቤታቸው የቡና ባለሙያ ነበሩ፤ ይርጋጨፌና ኢዲዶ ከገበሬው ጋር ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲያገላብጡ ነው የኖሩት። እኔ ከመቀጠሬ ከአንድ ዓመት በፊት ዲላ ላይ በድንገት አረፉ። እትዬ ኬይኮ ግን ወደ አገራቸው አልተመለሱም።

መጋቢት ላይ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሳምንት፣ በአገራቸው ለሞተ ሰው የሚቀርብ ጣፋጭ አለ። የተድቦለቦለ ሩዝ ነው፣ በላመ ቀይ ቦሎቄ የተሸፈነ። ጠዋት የሟቹ ፎቶ ፊት ይቀመጣል፤ ከዚያ ለጎረቤት ይታደላል። ይህን ሲነግሩኝ "ተዝካር ነዋ!" አልኳቸው። ቃሉን ወደዱት፤ ከዚያ በኋላ እሳቸውም ተዝካር ነበር የሚሉት።

የአገራቸው ቦሎቄ ከኛው ስለሚያንስ ከገበያ ትንንሹን እንለቅም ነበር። መጀመሪያ የፈላበት ውሃ ይደፋል። ከዚያ ከሰል ላይ በዝግታ ይበስላል። ስኳር የሚገባው ፍሬው በሁለት ጣት ሲፈርስ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቸኩዬ ቀድሜ ብጨምር ቦሎቄው ቀኑን ሙሉ ተጥዶ ጠጠር ሆኖ ቀረ። አልተቆጡም፤ "ለዶሮ" አሉና ሌላ ዘፈዘፉ። ስኳሩ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይገባል። ማማሰያው የድስቱን ቂጥ ሲጠርግ መስመሩ ቶሎ ካልተደፈነ ደርሷል ማለት ነው። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቆንጠር ተደርጎ፣ ጣፋጭነቱን እንዲያወጣው።

መጋቢት መቼም ሁዳዴ ነው። ጣፋጩ ቅቤም ወተትም የለበትም፤ የጾም ነው። እኔ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፌ አይዞርም። ስለዚህ ተስማማን፤ እኔ እሠራለሁ፣ እሳቸው ይቀምሳሉ። "ልክ ነው" ሲሉ ድስቱን አወርዳለሁ። ሦስት ዓመት እንዲሁ ሠራን፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስቀምሰው እውነትም ልክ ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ ከጥምቀት ወዲህ፣ የሠራሁት ወጥ ላይ ሁሉ ሚጥሚጣ መነስነስ ጀመሩ። ሙያዬን የናቁብኝ መሰለኝና አኮረፍኩ። ሳህኑን ዝም ብዬ አቀርባለሁ፣ ዝም ብዬ አነሳለሁ።

መጋቢት ደረሰ። ቦሎቄው በስሎ ሲያልቅ ቀመሱና "ጨው ጨምር" አሉኝ። ጨመርኩ። ደግመው ቀምሰው "ትንሽ ጨምር" አሉ።

"እትዬ፣ እንዳይበዛ።"

"አልበዛም። ጨምር።"

ሦስተኛም አስጨመሩኝ። ዕቃቸው ነው፣ ምን አገባኝ አልኩ። ኩርፊያው ገና አልለቀቀኝም ነበር።

ጣፋጩ ፎቶው ፊት ቆይቶ ታደለ። ከኢዲዶ በሞተር የመጡ ሁለት ገበሬዎችና የግቢው ዘበኛ ጋሽ ጅግሶ በልተው "ነፍሳቸውን ይማር" አሉ። ከእነሱ ሳህን ትራፊ አልተመለሰም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድርሻዬን ጎረስኩ። አሞሌ የላስኩ መሰለኝ፤ ተፋሁት። ሮጬ ወደ በሩ ሄድኩ።

"ጋሽ ጅግሶ፣ ጠዋት የሰጠሁዎትን በሉት?"

"በላሁ እንጂ፣ ሁለቱንም።"

"ጨው አልበዛበትም?"

አቀረቀሩ። "ለሞተ ሰው የተሰጠች ምግብ ጨው በዛች ይባላል እንዴ፣ ልጄ? እትዬ ኬይኮም በር ላይ ቆማ እያየችኝ።"

ወደ ቤት ተመለስኩ። እትዬ ኬይኮ ፎቶው ፊት ተቀምጠው ነበር፤ የራሳቸውን ጨርሰዋል።

"እትዬ፣ ጣዕሙ ይታወቅዎታል?"

"ከጥምቀት ጀምሮ ምንም አይታወቅም" አሉ።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አንተ ከሰማ ሐኪም ቤት ይወስደኛል። ተዝካር ሳይሠራ ቀኑ ያልፋል። እሱ ደግሞ ይጠብቃል" አሉና ወደ ፎቶው አዩ። ከዚያ "መጥፎ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

"ልክ ነበር" አልኳቸው። በሁዳዴ ዋሸሁ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ከዲላ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ጭንቅላታቸው ውስጥ እጢ ተገኘ። ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ" ብሎ ጀመረና ተወው። ሴት ልጃቸው መጥታ ወደ አገራቸው ወሰደቻቸው፤ ክረምቱ ሳይወጣ እዚያው አረፉ። መርዶውን በስልክ ስሰማ ያ ሁሉ የተነሰነሰ ሚጥሚጣ ዓይኔ ላይ መጣ። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ሳህኑን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ያንን ለማንም ሳልናገር ብዙ አለቀስኩ።

አሁን በየመጋቢቱ በራሴ ቤት እሠራዋለሁ፣ ለሁለቱም። የምጥደው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ጨው የምጨምረውም ራሴ ቀምሼ ነው። ጋሽ ጅግሶ ይመጣሉ። ዘንድሮ አንዷን ጎርሰው "ስኳር አነሰች" አሉኝ፤ እውነቱን ስለነገሩኝ ደስ አለኝ።

ዛሬ ወጥ ቤት ለምትገቡ ልጆች የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ሰው ምግባችሁ ላይ ጨው ወይም ሚጥሚጣ ሲጨምር አታኩርፉ። ምን ሆነው ነው ብላችሁ ጠይቁ።