ጉሌድና የሲኒማ ካርዶቹ

ጉሌድ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ ነው። ግትር ሽማግሌ ነው፤ አንዴ የያዘውን አይለቅም። ሲኒማ ቤት ውስጥ የፊልሙን ማሽን ሲያዞር ነው የኖረው። ሚስቱ ፋርሂያ በሩ ላይ ትኬት ትቆርጥ ነበር፤ ፊልሙ ሲያልቅ አብረው ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ። ፋርሂያም መርሳት ጀመረች፤ መጀመሪያ የጣደችውን ድስት፣ ቀጥሎ የልጇን ስም።

ሐኪሙ «አእምሮዋን ሥራ አታስፈቱት» ሲል ጉሌድ የጫማ ካርቶን ቆርጦ ካርድ ሠራ። ካሮጌ መጽሔት የሲኒማን መጀመሪያ ዘመን ሥዕሎች ሁለት ሁለት ኮፒ አስነስቶ ለጠፈባቸው፤ በእጅ የሚዞር ካሜራ፣ ድምፅ ለሌለው ፊልም ፒያኖ የሚጫወት ሰው፣ ግድግዳ ላይ የተወጠረ አቡጀዲ፣ የሚመጣ ባቡር። ካርዶቹ ተደፍተው ይደረደራሉ፤ ጨዋታው ሁለት ሁለት እየገለበጡ ተመሳሳዩን ማግኘት ነው። ከምሳ በኋላ ድሬ በሙቀቱ ስትተኛ እነሱ ምንጣፍ ላይ ይጫወታሉ። እሷ እንድታሸንፍ አውቆ ይስትላታል። «እየተሻላት ነው» ይለኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ልጃቸው ዱኒያ ከጅቡቲ የመጣች ቀን ፋርሂያ ባሏን «ሌባ!» ብላ ጮኸችበት።

«አባ፣ ሆዮ ከማታውቀው ሰው ጋር ነው የምታድረው። ትፈራለች» አለችው ዱኒያ፤ እናቷን በሶማሊኛ «ሆዮ» ነው የምትላት። «እስከ ቅዳሜ ካላወቀችህ ወላሂ ይዣት እሄዳለሁ።»

ጉሌድ አበደ ብል ይሻላል። ሳጥኑን ሁሉ ገልብጦ የጎረምሳነት ፎቶውን አገኘ፤ ማሽኑን ተደግፎ ይስቃል። ሁለት ኮፒ አስነስቶ ከካርዶቹ ጋር ቀላቀለ።

ዓርብ እኔና ዱኒያ በሩ ላይ ቆመን አየን። ፋርሂያ አንድ ካርድ ገለበጠች፤ ጎረምሳው። ሳታመነታ ጥግ ላይ ያለውን አነሳች፤ ጎረምሳው!

«ጉሌድ!» አለች ፊቷ በርቶ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ! ፋርሂያ፣ እኔ ነኝ!» እጇን ይዞ አለቀሰ።

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። «አዴር» አለችው፤ ሶማሌ በዕድሜ አጎቱ የሚሆነውን ሽማግሌ አክብሮ የሚጠራው እንዲህ ነው። «አዴር፣ በቃ ሂድ። ባሌ ፊልሙን ጨርሶ መምጣቱ ነው።»

ዱኒያ ፊቷን አዞረች። እኔም ቆሜ ማየት አልቻልኩም፤ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ልሸኛቸው መልካ ጀብዱ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ፋርሂያ ሁለቱን የጎረምሳ ካርዶች ጨብጣ፣ ያለ ባሌ አልሳፈርም ብላ ድርቅ አለች። ዱኒያ ብትለምን ብትለምን እንቢ። ባቡሩ ሊነሳ ነው። በመጨረሻ ጉሌድ ጠጋ አለ።

«ባልሽ ቀድሞ ሄዷል። ጅቡቲ ይጠብቅሻል።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ» አለ። በሐሰት ሲምል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ደስ ብሏት ባቡሩ ላይ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር አለች።

«አላህ ይስጥህ አዴር። በል አንተም ቤትህ ግባ፤ ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»