የሞጣው አፈር

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋን ልጄን ለክረምቱ ሁለት የሳይንስ ምርምር ቦታዎች ተቀበሏት፤ አንዱ ባሕር ዳር ስለ ከዋክብት፣ ሌላው ሞጣ ስለ አፈር። እሷን ምርጫው ጨንቋታል። እኔ ግን የአረም ወቅት ነውና ሁለቱንም ልከለክላት አስቤ፣ ግን መጀመሪያ ቦታውን ልየው ብዬ ከቢቸና አብሬያት ሞጣ ሄድኩ።

የአፈር ምርምሩ ክፍል ጭር ያለ፣ ሰዎቹም ነጭ የለበሱ ናቸው። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ።

«አባዬ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ አይደለም» አለች ልጄ አፍራ።

ነጭ ከለበሱት አንዱ፣ መምህሩ፣ ሳይስቅ «ጎንበስ ብለው ይዩ፣ አባት» ብሎ ማጉያ መሣሪያውን አቀረበልኝ። በውሃ በተበጠበጠ ቁንጣሪ አፈር ውስጥ ብርሃን የለበሱ ጥቃቅን ነፍሳት ቀስ እያሉ ይዋኛሉ። ዕድሜ ልኬን ያረስኩት ይህን ኖሯል። ቀና ስል ሁሉም ለምሳ ወጥተው ልጄ ብቻ ቀርታለች።

«ቁርጡን ይንገሩኝ፣ ሁለቱም ይቅርብኝ?»

«አንቺ ወደ ከዋክብቱ ሂጂ» አልኳት። «የሞጣውን ለእኔ ተይልኝ።»